ክር የሌለው ስፌት

ወዳጄ፣ ና እስቲ አጠገቤ ቁጭ በል። አንቺም ነይ፣ ጠጋ በይ። የማጫውታችሁ ነገር ረጅም አይደለም፤ መራራ ግን ነው። ሬት ማር አይሆንምና ስኳር አልነሰንስበትም። እንዳለ ተቀበሉኝ።

ሰውየው ልብስ ሰፊ ነበር። ሜትር ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈሩ «ጋሼ ሜትር» ይለዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ከገበያ ተመልሳ የሱቁን በር ስትገፋ፣ ባሏ በስፌት ማሽኑና በመቁረጫው ጠረጴዛ መሀል መሬት ላይ ተደፍቶ አየችው።

«ምነው፣ መርፌ ወደቀብህ?» አለችው።

ጎንበስ ብላ ስትነካው እጇ ረጠበ። ከጆሮው ኋላ ተመትቶ ደሙ ሲሚንቶው ላይ ወርዷል።

ጮኸች። ከዚያ የልጇ ባል ጋ ደወለች። አማቿ እዚያው ሱቅ አብሯቸው ይሰፋል። ስልኩ ጠራ፤ የጠራው ግን እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። መደርደሪያው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚጠራቀምበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ነበር። ከዚያ ውስጥ ነው የሚጮኸው። አማቿን ያስበላችው ያቺ ጥሪ ናት።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ አዋጁ ትንሽ ልንገራችሁ። አሸባሪ ለመያዝ ተብሎ አዲስ አዋጅ ወጥቶ ነበር። ያለ ዳኛ ፈቃድ የማንም ስልክ ይጠለፋል። ስልክህ የነበረበት ቦታ አንተም እንደነበርክ ይቆጠራል። ሰዎች ሳያስፈቅዱ ተሰብስበው ስለ እስረኛ ካወሩ ሴራ ነው። ሰው «የጆሮ አዋጅ» አለው። ሲወጣ ብዙዎቻችን ደግ አደረጉ ብለናል፤ ቦምብ ፈርተን ነበራ! «የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል?» ተባባልን። ልብና ኩላሊት የሚመረምር አንድ እግዚአብሔር ነው እየተባልን አድገን፣ ሥራውን ወስደን ለቢሮ ሰጠንለት።

አማችየው ሲመሽ መጣ። ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል።

«የት ነበርክ?»

አልመለሰም።

«ስልክህ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነበር። አንተስ?»

ሁለት እጁን ዘረጋላቸው። በካቴና አስረው ወሰዱት። መንገድ ዳር የቆመው ሰው እርስ በርሱ ተያየና፣ «ያለ ነገርማ አይወስዱትም» አለ። ይቺን አባባል ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ጉዳዩ የደረሳት መርማሪ ጎልማሳ ሴት ናት። መነጽሯን በጫማ ክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ሳትነፋ የምታሳልፈው ወሬ ስለሌለ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። አለቃዋ ገና ሳትጀምር ሊያስቆማት ሞከረ።

«ምን ትለፊያለሽ? ስልኩ መስክሯል። ቅዳሜ ልጁን ጸጥታ መሥሪያ ቤት ይረከበዋል።»

«እስከ ቅዳሜ ግን የኔ ነው» አለችው።

የጸጥታው እስር ቤት ጠበቃ አይገባበትም፤ ዘመድም አይገባም። የገባ ሰው ሲወጣ ያየ የለም። ስለዚህ ወንፊት የሟቹን ደም ብቻ አይደለም የምትፈልገው፤ አንድ ነፍስ ቅዳሜን እየጠበቀች ነበር።

ሱቁ ጠባብ ነው። መጀመሪያ ያየችው ካውያውን ነው፤ ሰውየው የተመታበት እሱ ነው። የካውያው ጫፍ ላይ ደም ደርቋል። የገረማት ግን አቀማመጡ ነበር፤ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ በተረከዙ ቆሟል፣ ሶኬቱ ተነቅሏል፣ ገመዱ በሥርዓት ተጠቅልሏል።

ቀጥላ ማሽኑን አየች። መርፌው ሥር ግራጫ የገበር ጨርቅ አለ። መርፌው ግን ክር የለውም፤ ጥቅሉ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ ገብቷል። ጨርቁን አንስታ መስኮቱ ላይ በብርሃን ዘረጋችው። በመርፌ ተበሳስቷል። ቀዳዳዎቹ በመጀመሪያ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ ዞረው ይመለሳሉ፣ ደግመው ይሄዳሉ። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ይቆማሉ። ከዚያ እንደገና ይጀምራሉ፤ አሁን ግን እንደ ሰካራም እየተወላገዱ ከጠርዙ ወጥተው ይጠፋሉ።

ሚስቲቱን አስጠራቻት።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ ያለ ክር የሚሰፉት ምን ነበር?»

ሴትዮዋ ጣሪያውን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ የመርማሪዋን ቦርሳ አየች።

«ስልክሽን» አለች በሹክሹክታ።

ወንፊት ሰጠቻት። ሴትዮዋ ስልኩን ከራሷ ስልክ ጋር ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችው፣ ከደነችው። ማሽኑ ላይ ተቀምጣ ከባዶው መርፌ ሥር ብጣሽ ጨርቅ አስገባችና ፔዳሉን ረገጠች። ማሽኑ ሲንጫጫ ነው አፏን የከፈተችው።

«አዋጁ ከወጣ ወዲህ የምናወራው እንዲህ ነው፣ ልጄ። ሴት ልጄ ማርገዟን እንኳ የነገረችኝ በዚህ ጩኸት ውስጥ ነው።»

«እርግዝናም ይደበቃል?»

«የትኛው እንደሚያስይዝ ማን ነገረን? ስላላወቅን ሁሉንም ደበቅን።»

«ክሩንስ ለምን ትነቅሉታላችሁ?»

«ይባክናላ!» አለች፤ ለአፍታ ሳቅ ሊያመልጣት ሲል እንባ ቀደመው።

«ይሄን ማን ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ ልጄ፣ ባሏ፣ መቀስ። መቀስ የምንለው ቆራጫችን ነው። ከባሌ ጋር ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አብረው ናቸው። እሱ ይቆርጣል፣ በካውያ ይተኩሳል። ባሌና አማቼ ይሰፋሉ፣ እኔና ልጄ ቁልፍ እንተክላለን። የመቀስን ልጅ ዓምና ጸጥታዎች ወሰዱበት፣ ምስኪን። ከዚያ ወዲህ የረባ ነገር በልቶ አያውቅም።»

«እሱ ማሽን ላይ አይቀመጥም?»

«ሞቶ ነው! ‹ቆራጭ ከተቀመጠ ቂጡ ይከብዳል› ነው የሚል።»

«የባለቤትዎ ወንድምስ?»

የሴትዮዋ ፊት ጠቆረ። «ያ የመንግሥት ጆሮ? ጸጥታ መሥሪያ ቤት አይደል የሚሠራው! እሱ ሲመጣ ማሽኑ ይቆማል፣ ስለ ዝናብ ብቻ ነው የምናወራው። ዝናብ በሌለበት ወር ሳይቀር!»

ወንፊት ጨርቁን ከሴትዮዋ እጅ ተቀብላ አየችው። ሴትዮዋ እያለቀሰች ነበር የነዳችው፤ ቀዳዳዎቹ ግን ቀጥ ያሉ ናቸው። መስፋት የለመደ እጅ ክር ባይኖርም ጨርቁን ይመራል።

ፎቅ ላይ የምትኖረው ጡረተኛ ነርስ ናት፤ ሁሉም «ሲስተር» ይላታል። ወንፊት ምን እንደሰማች ጠየቀቻት።

«ማሽኑን ነዋ! ሲጮህ ቆየ፣ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀጠለ። ሁለተኛው ግን ሌላ ነበር።»

«እንዴት ሌላ?»

«ዕድሜዬን የፈጀሁት የልብ ምት ስሰማ ነው። የመጀመሪያው ጤነኛ ነው። ሁለተኛው በሽተኛ፤ ይሮጣል፣ ይደክማል፣ ይሮጣል።»

«ያን ቀን ጠዋትስ ማን መጣ?»

«ወንድሙ። ግቢው ውስጥ ቧንቧ ከፍተው ቆመው ሲያወሩ በመስኮት አየሁ። ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። ‹እነዚህ ሰዎች አብደዋል እንዴ?› ብዬ ልወርድባቸው ነበር። ጋሼ ሜትር ፊቱን በሁለት እጁ ሲይዝ ሳይ ተውኩት።»

ወንፊት ከዚያ ጣቢያ ሄዳ አማችየውን አነጋገረችው። ከንፈሩ አብጧል።

«ስልክህን ቆርቆሮው ውስጥ ትተህ ነው የወጣኸው። የሆነ ቦታ ሄደህ ነበር» አለችው።

«ይቅርብኝ እቴ፣ አይጠይቁኝ። የት እንደነበርኩ ከተናገርኩ እኔ እወጣለሁ፣ ብዙ ቤት ግን ይዘጋል። እናቶች ናቸው።»

ገባት። የታሰሩባቸውን ልጆች የሚያፈላልጉ ሰዎች ተሰብስበው ነበር፤ ስብሰባው ደግሞ ሴራ ነው።

«እንግዲያው ለኔም አትንገረኝ» አለችው። «ማን ይመስልሃል?»

«ሌላ ማን ይሆናል? የባለቤቴ አጎት ነዋ። ካለሱ ማን ጆሮ አለው?»

ታናሽ ወንድምየውን ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ ጠበቀችው። ኮሌታው እንኳ ሳይታጠፍ የሚሄድ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው።

«ያን ቀን ጠዋት ወንድምዎን ምን ነገሯቸው?»

«ሰላም ልለው ነው የመጣሁት።»

«በቧንቧ ውሃ መሀል ነው ሰላም የሚባለው?»

ሰውየው የቢሮውን መስኮቶች ቀና ብሎ አየ። «ስለ ዝናብ ነው ያወራነው» አለና ሄደ።

የቀረው ቆራጩ መቀስ ነው። ቤቱ ሁለት ክፍል ናት። አንደኛዋ የልጁ ነች፤ አልጋው ተነጥፏል፣ ከሥሩ የተወለወለ ጫማ ተደርድሯል። አቧራ የለበትም። በየቀኑ ይወለውለዋል ማለት ነው።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን ልጄ። ክንዴን ነው የቆረጡኝ። እኔ እንደሆነ ያን ቀን እዚሁ ተኝቼ ነበር። ከፈለግሽ ስልኬን ጠይቂው።»

«የት ነበሩ አላልኩዎትም እኮ።»

ሽማግሌው የልጁን ጫማ አንስቶ በእጅጌው ጠረገ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስቲቱና ልጇ አግዳሚው ላይ፣ ሲስተር ወንበር ላይ፣ መቀስ መቁረጫውን ተደግፎ፣ ወንድምየው በሩ አጠገብ። አማችየው በካቴና፣ በሁለት ፖሊስ መሀል። ሊረከበው የመጣው የጸጥታ ሹም ጥቁር ኮት ለብሷል። ሚስቲቱ ኮቱን ስታይ ደነገጠች፤ የቁልፉን ቀዳዳ የሠራችው ራሷ ናት። ባሏ ነው የሰፋለት።

ስልኮች ሁሉ ቆርቆሮው ውስጥ ገቡ። የሹሙ ብቻ ቀረ።

«የኔ እጄ ላይ ይሁን» አለ።

ወንፊት መነጽሯን አደረገች።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ስልኩ ሱቅ ውስጥ ስለተገኘ ገዳዩ ይሄ ልጅ ነው ይላሉ። እዚህ ቤት ግን ሰው ወደ ቁም ነገር ሲሄድ ስልኩን ትቶ ነው የሚሄደው። እዚህ ቤት ስልክ የሚመሰክረው ሰውየው የሌለበትን ቦታ ነው።»

«ቀጥዪ።»

«ሟቹ ክሩን ነቅሎ ነበር። ክር የሚነቀለው ምስጢር ሲወራ ነው። እንግዳ ፊት አይነቀልም፣ ወንድሙ ፊትም አይነቀልም። ስለዚህ የመጣው ሰው የቤት ሰው ነው። ከዚያ በካውያ መታው። ሰው ገድሎ ካውያ የሚጥል ብዙ ነው፤ በተረከዙ አቁሞ፣ ሶኬት ነቅሎ፣ ገመድ የሚጠቀልል ግን ካውያ ሲይዝ የኖረ ሰው ነው። ነፍሱ የማታውቀውን እጁ ሠራው።»

«አማቹም ልብስ ሰፊ ነው» አለ ሹሙ።

«ነው። ለዚህ ነው ይሄን ያመጣሁት።» ግራጫውን ጨርቅ አውጥታ መስኮቱ ላይ ዘረጋችው። «ቀጥ ያለው የሟቹ ነው። እዚህ ጋ ቆመ፤ እዚህ ጋ ሞተ። ከዚያ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነዳ። ተመልከቱ ሲወላገድ። ሲስተር በጆሮዋ የሰማችው በሽተኛ ይሄ ነው። ይሄ ልጅ ተኝቶም ቢሰፋ እንዲህ አይሰፋም። እትዬም እንዲህ አይሰፉም፤ ለቅሶ ላይ ሆነው ሲነዱ አይቻለሁ። እዚህ ቤት ካውያ የለመደ፣ ምስጢር የሚነገረው፣ መስፋት ግን የማይችል ሰው ማን ነው?»

ወንፊት ወንበሩን ሳበች።

«ጋሼ፣ እስቲ ይቀመጡ።»

መቀስ ቆይቶ ተቀመጠ። እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ። ማሽኑ ሮጠ፣ ደከመ፣ ሮጠ። ጨርቁ ተወላግዶ ከጠርዙ ወጣ። ሲስተር አፏን በእጇ ያዘች።

«እሱ ነው። ይሄው ድምፅ ነው» አለች።

«አንተ?» አለች ሚስቲቱ። «መቀስ? አንተ?»

ሽማግሌው እግሩን ከፔዳሉ አነሳ።

«ልጄ ሞቷል አለኝ» አለ።

«ማን?»

«ሜትር ነዋ። ‹ለሰዎቹ ወሬ የምታቀብለው አንተ ነህ፣ አውቄያለሁ፣ አልቀየምህም› አለኝ። ‹ልጅህን አገኝ ብለህ ነው። ግን ልጅህ የለም፤ ከሞተ ቆየ፣ በከንቱ ነው የምታገለግላቸው› አለኝ። ውሸታም አልኩት። እንዳቆም ፈልጎ ልጄን ገደለብኝ ብዬ አሰብኩ። ካውያው እጄ ላይ ነበር። እኔ ሜትርን አልመታሁም፤ ያን ቃል ነው የመታሁት። ወድቆ ሳየው... ማሽኑን የነዳሁት ለቅሶዬን ሲስተር እንዳትሰማ ነው።»

«ውሸት ነው በሉኝ» አለ ደግሞ ወደ ሹሙ ዞሮ፣ እንደ ሕፃን። «ጌታዬ፣ በየሳምንቱ ‹ልጅህ ደህና ነው› አይደል የሚሉኝ? እስቲ ለነዚህ ሰዎች ይንገሩልኝ።»

ሹሙ ስልኩን አገላበጠ።

ያኔ ከበሩ አጠገብ ድምፅ ተሰማ። ያ ድምፅ የሌለው ሰው ነው፣ ታናሽ ወንድምየው።

«ለወንድሜ የነገርኩት እኔ ነኝ። ልጁ በገባ በሁለተኛው ወር ነው የሞተው። ወረቀቱ በእጄ አልፏል። አባትየው በከንቱ ሲለፋ ማየት ከበደኝ። ወንድሜም ቤት ውስጥ የሚያወራው እየወጣበት እንደሆነ ይወቅ አልኩ።»

ሚስቲቱ አማችዋን አየች፣ አማችየው የሚስቱን አጎት አየ። ስለ ዝናብ ያወሩለት ዘመን ሁሉ በአንድ ጊዜ ፊታቸው ላይ መጣ። ይቅርታ የሚባል ቃል ነበር፤ የሚያወጣው ግን ጠፋ።

ሹሙ ተነሳ።

«ጨረስሽ?» አላት ወንፊትን።

«ጨርሻለሁ። ገዳዩ አምኗል።»

«ስሚኝ። በአዋጁ መረጃ የሚሰጠን ሰው ስሙ አይነሳም፣ አይከሰስም፣ ችሎት አይቆምም። ስለዚህ ይሄ ሽማግሌ ዛሬ ምንም አልተናገረም። ስልኩም ቤቱ ነበር። የዚህ ልጅ ስልክ ደግሞ እዚህ ነበር። ሰው ይዋሻል፣ ስልክ አይዋሽም።» ወደ ወንድምየው ዞረ። «አንተ ከኔ ጋር ትመጣለህ።»

«ይሄን ሁሉ ሰው ሰምቷል!» አለች ወንፊት።

«የሰማውን ሰው እኛም እንሰማዋለን።»

ልጂቱ፣ የሟቹ ልጅ፣ ባሏን ሲጎትቱት አልጮኸችም። ሆዷን ይዛ ተነሳች። ማሽኑ ጋ ሄዳ ከሽማግሌው እግር አጠገብ ፔዳሉን ረገጠች። በጩኸቱ መሀል ጎንበስ ብላ በጆሮው ተናገረችው። ሹሙ አልሰማም፤ እኔ ግን እነግራችኋለሁ።

«ባሌ ያን ቀን የት እንደነበር ልንገርህ? ያንተን ልጅ ሊያፈላልግ ነበር የሄደው።»

እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። ሽማግሌው የዚያን ቀን እንኳ እንደዚያ አላለቀሰም፤ አሁን የሚሸፍንለት ጩኸት አልነበረም።

ወንፊት ያየችውን ሁሉ ጽፋ ላከች። ተመለሰላት። ደግማ ላከች፤ እሷ ራሷ ከምርመራ ክፍል ተባርራ መንጃ ፈቃድ የሚታደስበት መስኮት ላይ ተቀመጠች። ወንድምየው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ልጂቱ ወለደች፤ ሴት ናት። ስሟን ለአባቷ የሚነግርላት ግን አልተገኘም።

መቀስስ? መቀስ በየጠዋቱ የእስር ቤቱ በር ላይ ይቆማል። ጫማ ይዞ ነው የሚመጣው፣ የልጁን የተወለወለ ጫማ።

«ገዳዩ እኔ ነኝ፣ እሰሩኝ» ይላል ለዘበኛው። «የሜትርን አማች ፍቱት።»

«አባባ፣ ስልክዎ ቤት ነበር እኮ» ይለዋል ዘበኛው። «ይሂዱ፣ ፀሐይ ሳይበረታ።»

ወንጀለኛው እሰሩኝ እያለ ይመልሱታል፤ ንጹሑ ውስጥ ሆኖ ድምፁን ይሰማል። እግዚአብሔር ያያል። ማየቱን አልጠራጠርም፤ ከኛ የሚፈልገው እንዳለ ግን እፈራለሁ።

መንገድ ዳር፣ አውቶቡስ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ያን ሽማግሌ እያዩ ሲያወሩ ነበር። አንደኛው ስለ አማችየው ጠየቀ። ሌላው ትከሻውን ነቅንቆ፣ «ያለ ነገርማ አይወስዱትም» አለ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ አንቺንም። ነገ ጎረቤትህ ተወሰደ ሲሉህ ምንም ማድረግ ላትችል ትችላለህ፤ አልፈርድብህም። እባክህ ግን ይቺን አባባል አትበል።